በሮዝ ሪባን የታሰረ ተውኔት፦ «የፊጋሮ ጋብቻ» ከመድረክ በፊት በእልፍኝ እንዴት ተነበበ?

ማዳም ካምፓን የፈረንሳይ ንግሥት የማሪ አንቷኔት ደንገጡር ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ከንግሥቲቱ አጭር ማስታወሻ ደረሳት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድትመጣ፣ ብዙ ስለምትቆይም ምሳዋን በልታ እንድትመጣ የሚል ነበር። ወደ ውስጠኛው ክፍል ስትገባ ከንጉሡና ከንግሥቲቱ በቀር ማንም የለም። አንድ ወንበርና አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አስቀድመው ተዘጋጅተዋል፤ ጠረጴዛዋ ላይ በብዙ ደብተር የተከፋፈለ ወፍራም የእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ የቦማርሼ ኮሜዲ መሆኑን ነገሯት። ስርዝ ድልዙና የኅዳግ ጭማሪው ስለበዛ አንዳንዱ ቦታ እንደሚያስቸግራት አስጠነቀቋትና ስለዚህ ንባብ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አዘዟት።

ማንበብ ጀመረች። ንጉሡ በየመካከሉ እያቋረጡ አንዱን ያወድሳሉ፣ ሌላውን ይነቅፋሉ፤ አብዝተው ይሉ የነበረው ግን «ይህ ለዛ ቢስ ነው» የሚለውን ነው። አምስተኛው ገቢር ላይ ፊጋሮ የሚባለው አሽከር በሌሊት ብቻውን ቆሞ የሚያሰማው ረጅም መነባንብ አለ። ማዳም ካምፓን ስለ መንግሥት እስር ቤቶች የተነገረበት ቦታ ላይ ስትደርስ ንጉሡ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አስጸያፊ ነው፤ ይህ ፈጽሞ አይታይም» አሉ። ይህ ተውኔት ያለ አደጋ ለመድረክ እንዲበቃ መጀመሪያ የባስቲል እስር ቤት መፍረስ እንዳለበትም ተናገሩ። ንግሥቲቱ «እንግዲያው አይታይም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። «በፍጹም፤ እርግጠኛ ይሁኑ» የሚል መልስ አገኙ።

ማዳም ካምፓን ይህን የጻፈችው ባስቲል ከፈረሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ባስቲል ተባለ ያለችውን ቃል በቃል ለመቀበል እጠነቀቃለሁ። ወንበሩን፣ ጠረጴዛዋንና ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ደብተር ግን አምናታለሁ። በእንዲህ ያለ ሰዓት፣ በእንዲህ ያሉ አድማጮች ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበ ሰው ያስቸገረውን ገጽ አይረሳም። ደግሞም ተውኔቱ ውስጥ ሱዛን የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች፤ የኮንቴሷ ደንገጡር ናት። የሱዛንን ቃል በንጉሡ ፊት ያሰማችው የንግሥቲቱ ደንገጡር መሆኗ ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ተውኔቱ «የፊጋሮ ጋብቻ» ነው። በፓሪስ ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 27 ቀን 1784 ነው (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተባለው የንጉሣዊው ተዋንያን ማኅበር ተውኔቱን የተቀበለው በ1781 ነበር። በመካከል ያሉት ሦስት ዓመታት ናቸው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ። በእነዚያ ዓመታት ተውኔቱ ታግዶ፣ ሳይታተም፣ ግን በየመኳንንቱ እልፍኝ በደራሲው አንደበት እየተነበበ ኖረ። በመጨረሻ እገዳውን የሰበረው ያ ንባብ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማሳየት የሚረዳኝ ደግሞ ያው ጽሑፍ በንጉሡ ክፍል ሲነበብ መውደቁ፣ በሌሎቹ እልፍኞች ሲነበብ ግን ማሸነፉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው። ፒየር ኦጉስታን ካሮን ደ ቦማርሼ በ1732 ፓሪስ ውስጥ ከሰዓት ሠሪ አባት ተወለደ፤ ራሱም በዚያው ሙያ አደገ። በእጁ ሙያ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ከዚያም ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሴት ልጆች በገና የመሰለውን ሃርፕ አስተማሪ ሆነ። ስለዚህ የመኳንንት እልፍኝ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስከፋው ከውስጥ ሆኖ ተምሮታል። ሌላም ትምህርት ነበረው። በ1775 «የሴቪል ፀጉር አስተካካይ» የተባለው ኮሜዲው በመጀመሪያው ምሽት ወደቀ። ቦማርሼ አምስቱን ገቢር በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አራት አሳጠረና ያው ተውኔት በሁለተኛው ምሽት በጭብጨባ ተሸኘ። ተመልካች የት ላይ እንደሚደክም፣ የት ላይ እንደሚነቃ ከዚያ ወዲህ በጆሮው ያውቃል።

«የፊጋሮ ጋብቻ» የዚያ ተውኔት ተከታይ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ስፔን ውስጥ፣ በአንድ ቀን ነው። ፊጋሮ ሱዛንን ሊያገባ ነው፤ ጌታው ኮንት አልማቪቫ ደግሞ ያችኑ ሙሽራ ይመኛታል። ኮንቱ በግዛቱ ውስጥ ጌታ በአገልጋይ ሙሽራ ላይ ነበረው የሚባለውን አሮጌ መብት ራሱ ሽሯል፤ አሁን በስውር መልሶ ሊገዛው ይፈልጋል። አሽከሩ፣ ደንገጡሯና የተከዳችው ኮንቴስ አንድ ሆነው ጌታውን ያዋርዱታል። ጨዋታው ቀልድና ዘፈን የሞላበት፣ መደበቅና መልክ መለዋወጥ የበዛበት ነው። ነገር ግን በመካከሉ ፊጋሮ እዚያ በሌለው ጌታው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ታላቅ ጌታ ስለሆኑ ታላቅ አዋቂ የሆኑ ይመስልዎታል! ይህን ሁሉ ሀብት ለማግኘት ምን ሠሩ? ለመወለድ ደከሙ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም።»

ይህን ቃል ለመስማት የሚለምኑት ደግሞ ለመወለድ ብቻ የደከሙት ነበሩ።

የመጀመሪያው የሳንሱር መርማሪ ጥቂት ማስተካከያ ጠይቆ ፈቀደ። ንጉሡ ከተቃወሙ በኋላ ግን መንገዱ ተዘጋ። በዚህን ጊዜ ቦማርሼ ክርክሩን ትቶ ንባቡን ያዘ። የእጅ ጽሑፉን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት አስገልብጦ በሮዝ ሪባን አሰረው፤ ሽፋኑም ላይ ትንሽ የሚያስቅ ድርሰት መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ትሑት ርዕስ ሰጠው። ንጉሡ ያዩት ስርዝ ድልዝ ደብተር ነበር፤ ወይዛዝርቱ ያዩት ግን እንደ ስጦታ ዕቃ ያማረ ጥራዝ ነው። ቃሉ ግን አንድ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይመስለኝም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ገጽ አንባቢውን ያደናቅፋል፤ አንባቢው ሲደናቀፍ ቀልዱ ይሞትና ነቀፋው ራቁቱን ይቀራል። ማዳም ካምፓን ጽሑፉን ከዚያ ቀን በፊት አላየችውም፤ ሁለት አድማጮች አሏት፤ አንደኛው እያቋረጠ ፍርድ የሚሰጥ ንጉሥ ነው። በእንዲህ ያለ ንባብ ላይ ከኮሜዲ የሚተርፈው ክሱ ብቻ ነው።

ቦማርሼ ግን ጽሑፉን በቃሉ ያህል ያውቀዋል። መልከ መልካም ነበር፤ የሩሲያ አልጋ ወራሽ ፓቬልና ባለቤታቸው በ1782 ፓሪስን ሲጎበኙ አብራቸው የነበረችው ባሮን ኦበርኪርሽ፣ ግልጽ፣ ብልህና ትንሽ ደፋር የሚመስል ፊቱ እንደማረካትና በዚህም ሰዎች እንደወቀሷት ጽፋለች። ቦማርሼ ተውኔቱን ለእነዚሁ የሩሲያ እንግዶች አንብቦላቸዋል። ለልዕልት ላምባልም ቤት ተጠርቷል። ልዕልቷ የንግሥቲቱ የቅርብ ወዳጅ ናት፤ ስለዚህ ንጉሡ የከለከሉት ቃል ከንግሥቲቱ ባልንጀራ ሳሎን ውስጥ ጮክ ተብሎ ተሰምቷል ማለት ነው። ማዳም ካምፓን እንደምትለው በየቀኑ «የቦማርሼን ተውኔት ንባብ ሰማሁ» ወይም «ልሰማ ነው» የሚል ሰው አይታጣም ነበር።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ቦማርሼ ልመና ሳይበዛ አያነብም፤ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሲመጣም በቀጥታ ወደ ጽሑፉ አይገባም፤ ለዚሁ ብሎ ያዘጋጀው መግቢያ አለው። ወይዛዝርቱን እየተጣራ አንድ ታሪክ ይነግራቸዋል፦ አንድ ወጣት ደራሲ እራት ተጋብዞ አንብብልን ይባላል፤ እምቢ ሲል አንዱ ተቆጥቶ «ለሁሉም ልትሰጪ እየጓጓሽ ለእያንዳንዱ እምቢ እንደምትይ ቆንጆ ሆንክብን» ይለዋል። ደራሲውም ንጽጽሩ ከሚያስቡት በላይ ትክክል መሆኑን ይመልሳል፤ ቆንጆዎችም ደራሲዎችም ከሰጡ በኋላ የመረሳት ዕጣ አላቸውና። በዚህ መግቢያ ሳሎኑ ይስቃል፤ ለቀጣዩ ሁሉ ጆሮው ይከፈታል፤ ደራሲውም ራሱን የዋህ ተለማኝ አድርጎ ያስቀምጣል።

ከዚያ ብቻውን ያነባል። ኮንቱም፣ ፊጋሮም፣ ሱዛንም፣ ፍቅር የጀመረው ልጅ ሼሩባንም ከአንድ አፍ ይወጣሉ። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው በአንድ ድምፅ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻም ጉዱ ካሳም እንዴት እንደሚኖሩ ያውቃል። አንድ ሰው ሁሉንም ሲሆን አድማጩ ገጸ ባሕርያቱን ከአንባቢው ለይቶ አይጠላም፤ የሚያስቆጣው ቃልም የሚያስቀው ቃልም ከሚወደው አንድ አፍ ይመጣለታል። በመድረክ ላይ ፊጋሮ በአሽከር ልብስ ቆሞ ጌታውን የሚናገር አሽከር ነው። በሳሎን ውስጥ ግን ያንኑ ቃል የሚናገረው ሐር የለበሰ፣ የተጋበዘ፣ የሚወደድ እንግዳ ነው። መርዙ በወርቅ ጽዋ ቀረበ ማለት ነው።

ሕጉም ይረዳዋል። ሳንሱሩ የሚቆጣጠረው መታተምንና በመድረክ መታየትን ነው፤ በግል ቤት ወዳጅ ለወዳጁ የሚያነበው ነገር መታየት አይባልም። ይህንን ቀዳዳ ቦማርሼ አልፈጠረውም። ሞሊየር ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ አልፎበታል። «ታርቱፍ» በግንቦት 1664 በቬርሳይ ከታየ በኋላ ሲታገድ፣ ሞሊየር ተውኔቱን ለጳጳሱ ልዑክ ለካርዲናል ኪጂ ሳይቀር አነበበው፤ በየቤቱም አነበበው። የዘመኑ ባለቅኔ ቧሎ በአንድ የሳታየር ግጥሙ ውስጥ ጋባዡ እንግዳውን ሲያባብል «ሞሊየር ታርቱፍን ይዞ ይመጣል» እንዲል አድርጎታል፤ ንባቡ ከምግቡ ጋር የሚቆጠር መስተንግዶ ሆኖ ነበር። ሙሉ ፈቃዱ በ1669 እስኪመጣ ድረስ ተውኔቱ በአንደበት ኖረ። ይህንኑ «ታርቱፍ» ነው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው።

በዚያው በቦማርሼ ዘመን ለ ቴክሲዬ የሚባል የሊዮን ሰው ለንደን ውስጥ በላይል መንገድ ባለው ቤቱ የፈረንሳይ ኮሜዲዎችን ለእንግሊዝ ከበርቴዎች ያነብ ነበር። ተቀምጦ ያነባል፤ መጀመሪያ የገጸ ባሕርያቱን ስም ከጠራ በኋላ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ዳግመኛ አይናገርም፤ በድምፁና በፊቱ ብቻ ይለያቸዋል። ያነበባቸው ተውኔቶች ከ1785 ጀምሮ በ8 ቅጽ ታትመዋል። ሙያው ከቦማርሼ ቢበልጥ አይገርመኝም። ነገር ግን ለ ቴክሲዬ የሚያነበው የተፈቀደ ተውኔት ነበር፤ አድማጩ ተደስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቦማርሼ አድማጭ ግን ከደስታው ሌላ አንድ ምስጢር ይዞ ይወጣል፤ ንጉሡ የከለከሉትን ሰምቷልና ተውኔቱን የመከላከል ዕዳ አለበት። አንድ መስፍን «አንብብልን» ብሎ ለምኖ፣ ሰምቶ፣ ስቆ፣ በማግስቱ «ይህ ተውኔት ነውር ነው» ቢል የሚያፍረው ራሱ ነው። እያንዳንዱ ንባብ አንድ ክፍል ሙሉ ጠበቃ አፈራ የምለው ለዚህ ነው።

ጠበቆቹ በዙና በሰኔ 1783 ተውኔቱ በሜኑ ፕሌዚር ቲያትር ለቤተ መንግሥት ሰዎች እንዲታይ ተዘጋጀ። ተዋንያኑ አጠኑ፣ የመግቢያ ትኬቱ ተከፋፈለ። በሰኔ 13 ሠረገላው መንገዱን እየሞላ ሳለ ከንጉሡ የክልከላ ትእዛዝ ደረሰ። ማዳም ካምፓን እንደጻፈችው «ጭቆና» እና «አምባገነንነት» የሚሉት ቃላት ዙፋኑ ከመውደቁ በፊት በነበሩት ዓመታት ከዚያ ቀን በበለጠ ስሜት ተነግረው አያውቁም። ልብ ይበሉ፤ ይህን ያሉት ረሃብተኞች አይደሉም፤ ትኬታቸው በእጃቸው የቀረ መኳንንት ናቸው። ቦማርሼም በንዴት «እዚህ እንዲታይ አልፈለጉም፤ እኔ ግን እምላለሁ፣ ምናልባት በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት ውስጥም ቢሆን ይታያል» ብሏል ይባላል።

አራት ወር ሳይሞላ ንጉሡ ለግል ድግስ እጃቸውን ሰጡ። በመስከረም 26 ቀን ኮንት ቮድረይ በዤንቪልዬ ቤታቸው ለንጉሡ ወንድም ለኮንት ዳርቷ ክብር ተውኔቱን አስጫወቱት። ሦስት መቶ ያህል ሰው በጠባብ አዳራሽ ታጨቀ። ሠዓሊዋ ቪዤ ለ ብረን እዚያ ነበረች፤ ሙቀቱ ከብዶ ወይዛዝርቱ ሲያማርሩ ቦማርሼ በበትሩ የመስኮቱን መስተዋት እንደሰባበረው ታስታውሳለች። በፈረንሳይኛ መስተዋት መስበር ማለት ነገርን ያለ ይሉኝታ ማፍረጥም ነውና፣ ሰውየው ሁለት ጊዜ መስተዋት ሰበረ ተባለለት።

ከዚህ በኋላ ያለው የሳንሱር ጉዞ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ መርማሪዎቹ በጠቅላላው ስድስት ደረሱ። አንዱ ግን ሊታለፍ የማይገባው ስብሰባ ነበር። በ1784 መጀመሪያ የቤተ መንግሥቱ ሚኒስትር ባሮን ደ ብረተይ በቤታቸው ጸሐፍትንና ወይዛዝርትን ሰብስበው ተውኔቱ በፊታቸው ተነቦ እንዲፈረድበት አደረጉ። በተዋናይ ፍለሪ ስም የታተመው ማስታወሻ እንደሚለው ቦማርሼ የሚሉትን ሁሉ ያለ ማጉረምረም እንደሚሰርዝ አስቀድሞ ቃል ገባ። ከዚያ አነበበ። በየቦታው ሲያስቆሙት አይቆጣም፤ ይመልሳል፣ ያስቃል፣ ቃሉን ያስረዳል። በዚህ መንገድ ሊሰርዝ የመጣውን ሁሉ አዳነ። ይባስ ብሎም ሰሚዎቹ የራሳቸውን ይጨምሩ ጀመር፦ ሚኒስትሩ አንዲት የቀልድ ቃል አመጡ፣ ቦማርሼም አመስግኖ ተቀበለ፤ የሚኒስትሩ ልጅ ማዳም ደ ማቲኞን ደግሞ ሼሩባን የሚይዘውን ሪባን ቀለም መረጠች። ማስታወሻው የታመነ ታሪክ ሆኖ በሁሉ ዘንድ አይቆጠርም፤ እኔም ቀልዱ ምን እንደነበረ ግድ የለኝም። የጉዳዩ ልብ ግን እዚህ ነው። ዳኛው ከጽሑፉ ላይ ሊቆርጥ መጥቶ ጨምሮበት ሄደ። የጨመረበትን ደግሞ ማን ይከለክላል? ያ ሁሉ የሳሎን ንባብ ቦማርሼን ያለማመደው ለዚህ አንድ ምሽት ነበር።

ሚያዝያ 27 ከጠዋት ጀምሮ ሕዝቡ በቲያትሩ በር ላይ ተጨናነቀ። በሮቹ ተገነጠሉ፣ ዘበኞቹ ተገፈተሩ፤ ቦታ ለማግኘት ሲሉ በተዋናይቶቹ ክፍል ምሳቸውን የበሉ ትልልቅ ወይዛዝርት ነበሩ። ዳዘንኩር ፊጋሮን፣ ሉዊዝ ኮንታ ሱዛንን፣ ሞሌ ኮንት አልማቪቫን ሆኑ። ደራሲው ከፊት ለፊቱ ፍርግርግ ባለው ሎጅ፣ ማለትም ለብቻ በተከለለ የከበርቴ መቀመጫ ውስጥ ተቀምጦ አዳመጠ። በሦስት ዓመት ንባብ ውስጥ እርሱ ብቻ የተናገረው ቃል በዚያ ምሽት በብዙ አፍ ተከፋፈለ፤ በየሳሎኑ ሃያ ሠላሳ ሆነው የሰሙት ደግሞ አሁን ከታች ወለሉ ላይ ከተቀመጠው ሕዝብ ጋር አብረው ሰሙት። «ለመወለድ ደከሙ» የሚለው ቃል ሳሎን ውስጥ የእርስ በርስ ጨዋታ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን ከታች ሆኖ የሚያጨበጭበው ሰው ቀና ብሎ ወደ ሎጆቹ እያየ ነበር ያጨበጨበው።

ባሮን ኦበርኪርሽ ይህን ወዲያው ገባት። ስትስቅ አምሽታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን በራሷ ተናደደች። መኳንንቱ ሊያጨበጭቡለት መሄዳቸው ማስተዋል የጎደለው እንደነበር ጽፋለች፤ በገዛ ጉንጫቸው ላይ በጥፊ መቱ፣ በራሳቸው ሳቁ፣ ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላውን በራሳቸው አሳቁ፣ ኋላ ይጸጸታሉ አለች። ከሁሉም ምስክሮች የምወዳት እርሷን ነው፤ ንባቡንም መድረኩንም አይታ፣ በሁለቱም ስቃ፣ ልዩነቱን የተናገረች እርሷ ናትና።

ተውኔቱ በመጀመሪያው ዙር 68 ጊዜ ታየ። ሃምሳኛው ምሽት የተገኘው ገንዘብ ቦማርሼ ባቀረበው ሐሳብ ለሚያጠቡ ድሆች እናቶች መርጃ ዋለ። በመጋቢት 1785 ግን በጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ንጉሡ ተቆጥተው የሃምሳ ሦስት ዓመቱን ደራሲ አጥፊ ወጣቶች በሚታረሙበት በሴን ላዛር አሳሰሩት። አምስት ቀን ቆይቶ ተፈታ።

በነሐሴ 19 ቀን በዚያው ዓመት፣ በትሪያኖን በሚገኘው የንግሥቲቱ ትንሽ ቲያትር «የሴቪል ፀጉር አስተካካይ» ቀረበ። ኮንት ዳርቷ ፊጋሮን ተጫወቱ፤ ኮንት ቮድረይ አልማቪቫን ሆኑ። ሮዚንን፣ ማለትም «የፊጋሮ ጋብቻ» ውስጥ የተከዳች ኮንቴስ የምትሆነዋን ወጣት፣ የተጫወቱት ንግሥት ማሪ አንቷኔት ናቸው። ቦማርሼም ተጋብዞ ከአዳራሹ ተቀምጦ ያይ ነበር።